ቃል የሌለው ካሴት በዕድሩ ሞንታርቦ ይሰማ ወይስ አይሰማ

ይህን የጻፍኩት እኔ ጠና ነኝ፤ የመናኸሪያ ጀርባ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። መርፌ ላይ ክር ራሴ አስገባለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ሲለቁልኝ አልቀመጥም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስድስት ወር ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩትን ግን ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ፈርመውበታል።

ቀን፦ እሑድ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.። ሰዓቱ 8፡00 ተብሎ 9፡10 ተጀመረ።
ቦታ፦ ሆሳዕና፣ የወ/ሮ ኤልሳ ሻይ ቤት ጓዳ።
የተገኙ፦ አቶ ባፈና፣ ሊቀመንበር፣ ጡረተኛ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፤ አቶ ኃይሉ፣ ምክትል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረተኛ፤ ወንድም ዕንባቆም፣ ተቆጣጣሪ፣ የቸርች ሽማግሌ፤ ወ/ሮ ኤልሳ፣ ንብረት ያዥ፤ ጠና፣ ጸሐፊ።
ያልተገኙ፦ ሁለት። አንዱ ዱራሜ ሠርግ ሄዷል። ሌላው ከመጋቢት ጀምሮ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሏል።
ምልዓተ ጉባኤ ከሰባት አምስት ስለሆነ ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የድንኳኑ ቀዳዳ። እንደ ባለፉት ስብሰባዎች ሁሉ ለሚቀጥለው ተላለፈ።

አጀንዳ 2፦ የአቶ ጠና ማመልከቻ። ጸሐፊውና ባለጉዳዩ አንድ ሰው ስለሆኑ ባለጉዳዩ «አመልካች» እየተባለ ይጻፍ ተባለ። ተጻፈ።

አመልካች እንዲህ አሉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ እህተማርያም ጤና ጣቢያ የልብስ እጥበት ክፍል ስትሠራ፣ በደርግ ጊዜ፣ አንዲት ራሽያዊት ሐኪም አገሯ ስትገባ ካሴት ሰጥታት ሄደች። አንድ ራሽያዊ ከመቶ ዓመት በፊት የደረሰው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ፒያኖ ይመታል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ሟቿ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ ስትተኩስ ትሰማው ነበር። አንደኛው ጎን ሲያልቅ ልብሱም ስለሚያልቅ ሁለተኛው ጎን ብዙ አልተሰማም። «የምቀበር ቀን ይህን አሰሙኝ» ብላ ነበር። የተቀበረች ቀን ኮሚቴው ከለከለ። የፊታችን ቅዳሜ ሙት ዓመቷ ነው፤ በዕድሩ ድንኳን፣ በዕድሩ ሞንታርቦ ይሰማልኝ።

ወንድም ዕንባቆም፣ ደንቡ በድንኳን መዝሙር ይፈቀዳል ዘፈን ይከለከላል ይላል፤ ቃል የሌለውን በምን እንለየዋለን፣ አምናም የከለከልነው በዚሁ ነው አሉ። ቸርቻቸው ውስጥ ኪቦርድ አለ አይደለም ወይ ሲባሉ፣ «እሱ ላይ ሰው ይዘምርበታል። ብቻውን ሲጮህ ሰምታችኋል?» ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ ኤልሳ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ብቻውን እንደሚጮህ ከቤቷ ሆና በየጊዜው እንደምትሰማ መሰከረች። ተመዘገበ።

አቶ ባፈና ቃል ከጎደለው ቃል ይጨመርበት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በሀዲይኛ ይሁን፣ በከምባትኛ ይሁን፣ በአማርኛ ይሁን በሚለው ሃያ አምስት ደቂቃ ሰፊ ውይይት ተደረገ። ሁለት ሰዎች ወጥተው ተመለሱ። አመልካች፣ ሟቿ ሦስቱንም ትችል ነበር፤ ይህ ካሴት ሲከፈት ግን በአንዱም አትናገርም ነበር አሉ። ሐሳቡ ወደቀ።

አቶ ኃይሉ ደራሲው በስም ይታወቅ አሉ። የካሴቱ ሽፋን በራሽያ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ማንም አላነበበውም። አቶ ኃይሉ ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ካዩ በኋላ፣ ግማሹን ፊደል እንደሚያውቁት፣ የቀረውን ግን ራሽያዎቹ ገልብጠው እንደጻፉት አስረዱ። ስሙ ረጅም መሆኑ ብቻ ተመዘገበ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ተሰምቶ ይታይ ተባለ። ዘፈን ከሆነ ትከሻ ስለሚነቀንቅ፣ አቶ ኃይሉ ትከሻ እንዲጠብቁ ተመደቡ። ውጭ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው» እያለ ስለሚረብሽ (ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የቀረው አንድ ሰው ነው) በሩ ተዘጋ። አመልካች ቴፑን ከፈቱ።

ስድስት ደቂቃ ማንም አልተናገረም። በዚህ መዝገብ እንዲህ ያለ ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

አቶ ኃይሉ ባቀረቡት ሪፖርት የማንም ትከሻ አልተነቃነቀም፤ የወ/ሮ ኤልሳ እግር ግን ጠረጴዛ ሥር ሲንቀሳቀስ ታይቷል። ወ/ሮ ኤልሳ፣ «ጋሼ ኃይሉ፣ ትከሻ ጠብቁ ተባሉ እንጂ እግሬን እዩ ማን አለዎት?» አለች። እግር ትከሻ አለመሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወንድም ዕንባቆም ለምርመራ ይደገም አሉ። ተደገመ። አሁንም ለምርመራ ይደገም ሲሉ፣ እስካሁን ምን እንዳገኙ ተጠየቁ። «ገና ነው» አሉ። ቀጥለውም አመልካችን፣ «ግን ስለ ምንድን ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁ። አመልካች፣ «እሷ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ልብስ ከገመድ የሚያነሳ ሰው ነው ትል ነበር» አሉ።

ስለዚህ የሚከተለው ተወሰነ። ካሴቱ መዝሙርም ዘፈንም ስላልሆነ ዕቃ ነው። ዕቃ ስለሆነ ከድስቱና ከወንበሩ ጋር በንብረት መዝገብ ይግባ። አመልካች እንደማንኛውም አባል ቅዳሜ ተውሰው፣ አጥበው ይመልሱ። ሦስት ደገፉ፣ አቶ ኃይሉ ተቃወሙ፣ ወንድም ዕንባቆም ምርመራ ላይ ናቸው።

አቶ ኃይሉ በዚህ ጊዜ ደንቡን ከኪሳቸው አውጥተው አንቀጽ 14ን አነበቡ። ባለጉዳይ በራሱ ጉዳይ አይቆጠርም፤ ከምልዓተ ጉባኤም አይገባም ይላል። አመልካች ሲቀነሱ የተገኘው አራት ነው። አንድ ሰው ቀረ። አቶ ባፈና ውጭ ያለውን ረዳት እናስገባ ብለው ነበር፤ እሱም አንድ ሰው እየፈለገ ስለሆነ ተተወ።

አጀንዳ 3፦ መሻሪያ። ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ፈራሽ ነው። ካሴቱ ዕቃ አይደለም። እግርም ትከሻ ነው አይደለም አልተባለም። የድንኳኑ ቀዳዳ አልተላለፈም፤ ባለበት አለ።

ጸሐፊው፣ አንቀጽ 14 ከዛሬ ጀምሮ ነው ወይስ ከድሮም ነበረ ብለው ጠየቁ። አቶ ኃይሉ፣ «ጋሽ ጠና፣ ዕድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ነው እንጂ። እንዲህ የተወሰነ ሁሉ እንዳልተወሰነ ነው። ይህን ደህና አድርገው ይጻፉልኝ» አሉ። ደህና ተደርጎ ተጻፈ፤ አቶ ኃይሉም ፈረሙበት።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊው መዝገቡን ወደ አምና ጥቅምት መልሰው ክልከላውን አነበቡ። የተገኙት አምስት ናቸው። አምስተኛው ሐዘንተኛው ጸሐፊ ነው። አቶ ኃይሉ መዝገቡን ተቀብለው ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አራት መጣ። መዝገቡን መለሱ፤ ክልከላውም እንዳልተወሰነ ሆነ። ወ/ሮ ኤልሳ፣ የሞንታርቦው ቁልፍ እሷ ዘንድ እንዳለ፣ ቅዳሜ ከሰዓትም ቤት እንደምትውል ገለጸች።

ስብሰባው ስላልተካሄደ በ11፡40 ተበተነ።

እንግዲህ ማንም ሳያግዘኝ የምከፍለው ዕዳ ይህ ነው። ለኤልሳ፣ ሞንታርቦውን ተሸክሜ ወስጄ ተሸክሜ እመልሳለሁ። ለወንድም ዕንባቆም ሦስተኛው ምርመራ ይቀራል፤ የፊት ወንበር ይያዝላቸዋል። ለአቶ ኃይሉ ምስጋና፤ እሱን ቀስ ብዬ። ለእህተማርያም ደግሞ፣ አምና አፈሯ ሳይደርቅ ክልከላውን የጻፍኩትም የፈረምኩትም በዚሁ እጄ ነው። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ አንደኛው ጎን ሲያልቅ ካሴቱን የማዞረው እኔ ነኝ።