ሁለት ካሬ ያጠረችው የምዕራብ እመቤት

ቀን፦ ንጉሣችን (ሕይወት፣ ብልጽግና፣ ጤና ይሁንላቸውና) በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ የጎርፍ ወቅት ሦስተኛ ወር፣ በ12ኛው ቀን።

ቦታ፦ ከነገሥታት መቃብር ሸለቆ በላይ ያለው የሠራተኞች ጎጆ፣ ጥላው በሚያርፍበት በኩል።

የተገኙ፦ የቀኝ ምድብ አለቃ ነኽት (ሰብሳቢ)፣ የግራ ምድብ አለቃ ኢፑይ፣ ሠዓሊ ፓሸዱ፣ ለሳኝ ሁይ፣ ጸሐፊ ቃሃ (ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ድምፅ የሌለው)።

ያልተገኙ፦ መሪ የሚባለው ድንጋይ ቀራጭ፣ ጊንጥ ነድፎት። ተሸካሚው ፐንቱ፣ ጠላ ሊጠምቅ። ቀለም በጥባጩ ካሞሰ፣ ከሚስቱ ጋር ተደባድቦ፤ ማን እንዳሸነፈ ባይገለጽም የቀረው እሱ ነው።

ምልዓተ ጉባኤው ስድስት ሰው ስለሚጠይቅ የበሩ ዘበኛ ኮንስ እንዲቀመጥ ተደርጎ ተሟልቷል። መቀመጫ ስላልነበረ ቆሟል።

ማሳሰቢያ፦ ፓፒረስ ስላልተፈቀደልን ይህ የተጻፈው በድንጋይ ስባሪ ላይ ነው። ቦታ ስለሚጠብ የንጉሡ ምርቃት ከዚህ በኋላ በልብ ይባል።

አጀንዳ 1፦ የእመቤቲቱ ቁመት

ሰብሳቢው በንጉሡ መቃብር የመጨረሻ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሳለችው፣ ንጉሡን እጃቸውን ይዛ ወደ ወዲያኛው ዓለም የምትቀበለው አምላክ፣ የምዕራብ እመቤት፣ ከእግሯ እስከ ግንባሯ በሥዕል መለኪያው አስራ ስድስት ካሬ ብቻ መሆኗን፣ ሥርዓቱ ግን ከቅድመ አያት ጀምሮ አስራ ስምንት መሆኑን ገለጹ። ዋናው ሹም ከነገ ወዲያ ለምርመራ ይመጣሉ።

ለሳኝ ሁይ ነገሩ የቁመት ብቻ አለመሆኑን አስረዱ። እመቤቲቱ አገጯ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት። በአንድ እጇ ንጉሡን ይዛ ሌላውን ወገቧ ላይ አድርጋለች። «ኧረ እናንተ፣ ማንን ነው የምናታልለው? ወብኸት ናት እኮ!» አሉ።

ጉባኤው ወደ ሠዓሊ ፓሸዱ ዞረ። ወብኸት የሠዓሊ ፓሸዱ ሚስት፣ የአለቃ ኢፑይ ታናሽ እህት ነበረች፤ ያረፈችው ባለፈው መከር ነው። ቁመቷ አጭር ነበር። ምላሷ ግን አጭር አልነበረም፤ ጸሐፊው ይህን በራሱ ላይ ከደረሰው ያውቃል።

ሠዓሊ ፓሸዱ ተጠይቀው «ቀይ ቀለም በነከርኩት ገመድ ካሬውን ያሰመርኩት ራሴ ነኝ፤ አልተሳሳትኩም» ሲሉ መለሱ። የራሳቸው መቃብር ገና ስላልተሳለ ሚስታቸው በባዶ ግድግዳ መሃል መቀበሯን፣ መልኳም ከዚህ ሌላ በየትም እንደሌለ አስረዱ። «ጨለማ ትፈራ ነበር። እዚህ ቢያንስ ሰው አለ። ከፋቃችኋት ሁለተኛ ትሞትብኛለች» አሉ።

አጀንዳ 2፦ የመፍትሔ ሐሳቦች

ለሳኝ ሁይ ከእግሯ ሥር በርጩማ ይሳል አሉ። ሰብሳቢው አማልክት በርጩማ ላይ ቆመው እንግዳ እንደማይቀበሉ ገልጸው ውድቅ አደረጉት።

ዘበኛው ከንጉሡም ሁለት ካሬ ይቀነስ አለ። ጉባኤው ለዘበኛው ሕይወት ሲል ሐሳቡን አልሰማም።

አለቃ ኢፑይ ትፋቅ አሉ። «እህቴ ናት፣ እወዳታለሁ። ግን ሹሙ ካዩዋት የፓሸዱ እጅ ነው የሚቆረጠው። ደግሞስ ንጉሡ ምን አጠፉ? እኔ ሠላሳ ዓመት ያልቻልኩትን ምላስ እሳቸው ለዘላለም?»

ሠዓሊ ፓሸዱ «አንተ የፈራኸው ሹሙን አይደለም። አህያዋን ተውሰህ ሳትመልስላት እህትህ ስለሞተች ዓይኗን ማየት ፈርተህ ነው» አሉ። አለቃ ኢፑይ አህያዋ በአጀንዳው እንዳልተያዘች አሳሰቡ። አህያዋ ሦስት ጊዜ ከተነሣች በኋላ በሰብሳቢው ትእዛዝ ከጉባኤው ወጥታለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ በአራት ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ ሥዕሏ እንዲፋቅ ተወሰነ። ሐሳብ ያመጣ ራሱ ይፈጽም በሚለው ልማዳችን መሮውን አለቃ ኢፑይ እንዲይዙ ተደረገ።

አጀንዳ 3፦ አፈጻጸም

ጉባኤው ስድስት መብራት ይዞ ወደ መቃብሩ ወረደ። አለቃ ኢፑይ መሮውን አገጯ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። «እመልሳታለሁ አልኩሽ እኮ» ሲሉም ተሰምተዋል፤ ለማን እንደተናገሩ አልተመዘገበም። ከዚያ መሮውን መሬት አስቀምጠው አለቀሱ። ይህ ተመዝግቧል።

ለሳኝ ሁይ ከዚህ ቦታ ሆነው ሲያዩዋት ያን ያህል እንደማታጥር ተናገሩ። ዘበኛው ነጥቡ ያረፈ ዝንብ ሊሆን እንደሚችል መሰከረ። ሰብሳቢው ደግሞ በስንዝራቸው እንደገና ለክተው አስራ ስምንት አገኙ። ስንዝራቸው ምን ነክቶት እንዳጠረ የጠየቀ የለም።

ውሳኔ

ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ያጠረች እመቤት ስለሌለች ስለ እሷ የተሰበሰበ ጉባኤም የለም። ይህ ስባሪ ከመንደሩ ኋላ ወዳለው ጉድጓድ ይጣል፤ እዚያ ማንም አያገኘውም።

ያልተካሄደው ስብሰባ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ተበተነ። ሠዓሊ ፓሸዱ ከሁሉ በኋላ ወጡ። ስንገባ የያዝነው መብራት ስድስት ነበር፣ ስንወጣ አምስት። መብራት ቆጥሮ መረከብ የጸሐፊው ሥራ ነው። ጸሐፊው ቆጥሯል፤ ስድስት ብሎም ፈርሟል።