ፓክ ፕራሶጆ ለሦስት ትምህርት ቤት እሺ ያሉበት ዓመት

ሥዩመ መርፌ፣ መዋዔ ዝገት ፓክ፣ ማለትም አቶ፣ ፕራሶጆ የአባታቸውን መፍቻና የዘይት ቆርቆሮ ወርሰው በስፌት መኪና ጥገና ወንበር በተቀመጡ በዘጠነኛው ዓመት፣ አንዲት ልጃቸው ልዕልት ላራስ የፊት ጥርሷ በወለቀበት ዘመን፣ በሶሎ ከተማ ከገበያው ጀርባ ያለችው ጠባብ መንገዳችን በዝናብ ተጥለቅልቃ ዶሮ እንኳ ከቤት መውጣት ባስጠላው ወራት፣ ከዚያ በፊት በዘራቸው ያልተሞከረ አንድ ታላቅ ነገር በልባቸው ታሰበ። ነገሩም ልጃቸውን የሚያስገቡበትን የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምረጥ ነበር። እኛም ከቤታቸው ፊት ለፊት የምንኖር ጎረቤታቸው፣ መስኮታችን ሰፊ፣ ሥራችን ትንሽ ስለ ሆነ፣ ያየነውን ሳንጨምር፣ የሰማነውንም ብዙ ሳንጨምር እነሆ እንጽፋለን።

አስቀድሞ ግን የጀግናውን ትውልድ መናገር ይገባል። የፕራሶጆ ቅድመ አያት እሺ ባይ ነበሩ፤ እሺ ባዩም እሺ ባይን ወለዱ፤ እሳቸውም በተራቸው የፕራሶጆን አባት ወለዱ፤ እኒህም ለሐኪማቸው፣ ለአከራያቸውና ለአማታቸው እሺ እንዳሉ በሰላም አረፉ። በእኛ በጃቫ፣ ይልቁንም በሶሎ፣ ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነውና የምንፈልገውንም የማንፈልገውንም እሺ እንላለን፤ ሰሚው ብልህ ከሆነ እምቢታውን ከፈገግታችን ውስጥ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል፤ በፕራሶጆ ሱቅ ግን እሺው ራሱ ሺህ ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። ለነገ ይደርሳሉ የተባሉ የስፌት መኪኖች በአቧራ ተሸፍነው እንደ ምርኮኛ ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸውም በየሳምንቱ እየመጡ በፈገግታ ይጠይቃሉ፣ በፈገግታ እሺ ይባላሉ፣ ባዶ እጃቸውንም በፈገግታ ይመለሳሉ።

ወእምዝ ልዕልት ላራስ መዋዕለ ሕፃናት ገባች። እሷም የዘሯ ልጅ ናትና ለሁሉም እሺ አለች። ምሳሽን ስጪን ሲሏት እሺ፤ ጫማ እንቀያየር ሲሏትም እሺ ብላ፣ በማይሆናት ጫማ እያነከሰች ቤቷ ገባች። አንድ ቀን አባቷ ሊወስዷት ቢሄዱ፣ ሌሎቹ ልጆች ከዛፍ ጥላ ሥር ሲጫወቱ እሷ የሁሉንም ቦርሳ ታቅፋ ፀሐይ ላይ ቆማ አገኟት። ጠብቂልን ብለዋት ነበር፤ ይብቃሽ ያላት ግን አልነበረም። ፓክ ፕራሶጆ ይህን ባዩ ጊዜ እዚያ የቆሙት ራሳቸው መሰሏቸው። ያን ዕለት ምሳ አልበሉም። ወደ ሱቃቸው ገብተውም ከስፌት መኪኖቻቸው በቀር ማንም በሌለበት እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ አስነገሩ፦

«እኔን መስላ አታድግም! እምቢ ማለት የሚያስተምር ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ይኖራል፤ ካለ አገኘዋለሁ!»

መኪኖቹም ዝም አሉ፤ ጌታቸውን ያውቋቸዋልና።

ይህ ምክር በምሥጢር ቢያዝም የዘመድ ጆሮ ከማንም ይሰላልና፣ ታላቅ እኅታቸው ምባክ ሱላሲህ፣ የወርቅ አምባር ባለቤት፣ የዘመድ ሁሉ ተቆጣጣሪ፣ በሞተር ብስክሌት ደርሳ ገና የራስ ቁሯን ሳታወልቅ ከበር ላይ የዐዋጅ ነጋሪቷን ጎሰመች፦

«ስማኝ ወንድሜ! የኔ ልጆች የሚማሩበት ቤት በሦስት ቋንቋ ነው የሚያስተምሩት። መዋኛ አለው፣ ሊፍት አለው፤ ዘበኛው ራሱ ክራባት ያስራል። ላራስ ሌላ ቦታ ከገባች የዒድ ለት ዘመድ መሀል ፊቴን የት ላድርገው? ነገ ወስጄ አሳይሃለሁ፣ አለቀ!»

ፕራሶጆም እሺ አሉ። በማግሥቱም መዋኛውን ጎበኙ፣ በሊፍቱ ወጡ፣ ወረዱ፤ ክራባት ያሰረው ሰው ልጅቷን እንመዝግብ ወይ ብሎ በትሕትና ቢጠይቃቸው አጎንብሰው እሺ አሉ። ከዚያ ሲመለሱ ደግሞ እናታቸው ምባህ ሱሚራህ፣ ንግሥተ ማጀት፣ የመስጊዱ ጎረቤት፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው፤ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ዐዋጃቸው ሁሉ የሚታወጀው በሹክሹክታ ነው፦

«ልጄ፣ እኔ ዛሬ አለሁ፣ ነገ የለሁም። መቃብሬ ላይ ቁርዓን የምትቀራልኝ አንዲት የልጅ ልጅ ነው የምለምንህ። ቁርዓን በቃል የሚያስሐፍዙበት ትምህርት ቤት ደግሞ ይኸው እኔው ጎን አለ። እምቢ ብትለኝ አልቀየምህም፤ ዝም ብዬ እሞታለሁ።»

ይህን ዐዋጅ የሚቋቋም ምሽግ በጃቫ ምድር ገና አልተሠራም። ፕራሶጆ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሁለተኛው ትምህርት ቤት እሺ አሉ።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ወራት፣ እትዬ ሙርቲኒ የተባሉ ሴት የስፌት መኪናዬ ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ ብለው አስጠሯቸው። እኒህ ሴት ከገበያው ማዶ፣ ከአንድ የዘይቱን ዛፍ ሥር፣ ቀለሙ የተላጠ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ፕራሶጆ መኪናውን ፈትተው መሬት ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ከመስኮቱ ማዶ አንዲት ድንቡሽቡሽ ጉንጭ ያላት ሕፃን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በርዕሰ መምህርቷ ላይ ስታውጅ ሰሙ፦

«እምቢ እትዬ! ዛሬ ከበሮውን የምመታው እኔ ነኝ። ትናንትም ለሱ ነው የሰጡት፣ ከትናንት ወዲያም ለሱ!»

ፕራሶጆ ሰማይ እስኪደፋ ጠበቁ። ሰማዩ አልተደፋም። እትዬ ሙርቲኒ ትንሽ አሰብ አድርገው ልክ ነሽ፣ ረስቼ ነው አሏት፤ ከበሮውንም ሰጧት፤ ሕፃኗም እስኪያደነቁር ድረስ መታችው። መፍቻው ከፕራሶጆ እጅ ወደቀ። ሴትየዋ ልጅ እንዳላቸው ጠይቀው ለመጪው ዓመት ቦታ ልያዝላት ወይ ቢሏቸው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው የወጣ እሺ አሉ። ድምፁ ግን ከሌሎቹ እሺዎች በምንም አይለይም ነበር፤ ችግሩ ይህ ነው።

ወራትም አለፉ፣ ማንጎው በስሎ አለቀ፣ መንገዳችን ደረቀች። አንድ ቀን እቴጌ ወኒንግ፣ የፕራሶጆ ባለቤት፣ ዝምታዋ ከሌላው ሰው ጩኸት የሚያስፈራ፣ መቀስ ፍለጋ ሱቅ ገብታ ከስፌት መኪኖቹ ጀርባ የተደበቁ ሦስት የትምህርት ቤት ዩኒፎርሞች አገኘች፦ አንዱ ሰማያዊ ከነክራባቱ፣ አንዱ አረንጓዴ ከነሒጃቡ፣ አንዱ ቢጫ፣ ኪሱ ላይ ዘይቱን የተጠለፈበት። ሦስቱንም በክንዷ አንጠልጥላ ደጅ ወጣችና መንገዱ ሁሉ እየሰማ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦

«የላራስ አባት! የወለድኩልህ አንድ ልጅ ነው ወይስ ሦስት? አንዱን ምረጥ፤ ለሁለቱ ሄደህ እምቢ በል። በስልክ አይደለም፣ በሰው አይደለም፣ በአፍህ! እኔ ደግሞ አልልልህም፤ ዘመዶቹ ያንተ ናቸው!»

ፕራሶጆ እሺ አሉ።

በመሆኑም የክት የባቲክ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተው፣ የገበያ ተሸካሚዎች በዓይን እየሸኟቸው ወደ ባለ ሦስት ቋንቋው ዘመቱ። እምቢ ሊሉ ሄደው የወላጆች ኮሚቴ አባል ሆነው ተመለሱ። በሌላ ቀን ደግሞ ልባቸውን አጽንተው በእናታቸው ቤት ላይ ዘመቱ፤ ከዚያም ጉደግ የሚባለውን የአገራችንን ጣፋጭ ወጥ አንድ ድስት ተሸክመው፣ የመስጊዱን ሴቶች የስፌት መኪና በሙሉ በነጻ ሊጠግኑ ቃል ገብተው መጡ። እቴጌ ወኒንግ ጉደጉን ቀምሳ ጣፋጭነቱን መሰከረች፤ ሌላ ምንም አልተናገረችም። ያ ነው ያስፈራቸው። ሌሊቱንም ስንሰማቸው ከጓዳ እየዞሩ «እምቢ፣ እምቢ» እያሉ ሲለማመዱ ነበር፤ ለግድግዳ ይወጣላቸዋል።

እነሆም ትምህርት የሚከፈትባት ጠዋት ደረሰች። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በመንገዳችን አፍ ሦስት ሠራዊት ሰፈረ። በቀኝ በኩል የባለ ሦስት ቋንቋው ነጭ ሚኒባስ፣ ከፊት ወንበሩ ምባክ ሱላሲህ ከነአምባሯ፤ በግራ የማስሐፈዣው አረንጓዴ ሚኒባስ፣ ከጎኑ ምባህ ሱሚራህ በአጭር በርጩማ ላይ፤ በመካከል ደግሞ የእትዬ ሙርቲኒ ቤቻ፣ በሰው እግር የሚዘወር፣ ሦስት ጎማ ያለው፣ ልጆች እንደ ጆንያ ሙዝ የተጫኑበት። ሠራዊቱን ሊያይ የወጣውም ሕዝብ ይህ ነው፦ የመንደሩ ሹም በሽርጥ፣ የወፍ ጎጆውን እንዳንጠለጠለ፤ የሥራ ሥር መድኃኒት ሻጯ ጠርሙሶቿን በጀርባዋ አዝላ፤ ገንፎ ሻጩ ከነጋሪው፤ ሞተር ነጂዎች በየኮርቻቸው፤ የስፌት መኪናቸው ይሠራላቸው እንደ ሆነ በዚያውም ለመጠየቅ የመጡ ደንበኞች፤ እኛም በመስኮታችን። ማንም አልተሳደበም፣ ማንም አልጮኸም። ሦስቱም ወገኖች እርስ በርሳቸው ፈገግ ይሉ ነበር፤ እንዲያ ያለ አስፈሪ ፈገግታ ደግሞ እስከዚያች ጠዋት አላየንም።

ወእምዝ ልዕልት ላራስ ከቤት ወጣች። አክስቷ ማታ መጥታ ሰማያዊውን ትለብሻለሽ ብትላት እሺ ብላ ነበር፤ አያቷ በንጋት አረንጓዴውን ቢሏት እሺ አለች፤ አባቷም ቢጫውን በጆሮዋ ቢያንሾካሹኩላት እሺ አለች። ማንንም እንዳታስቀይም ሦስቱንም ደራርባ ለብሳ ነበር። እንደ ጥቅል ጎመን አብጣ፣ ክራባቱ በሒጃቡ ሥር ወደ ጎን ዞሮ፣ ላብ ከግንባሯ እየወረደ፣ ክንዶቿ አልታጠፍ ብለው ቆመች፤ ፈገግም አለች። ጥርሷ የወለቀበት ክፍተት ታየ።

ፓክ ፕራሶጆ አዩዋት። ያን ጊዜ የመዋዕለ ሕፃናቱን ፀሐይ አስታወሱ። እኅታቸውን ቢያዩ አምባሯ አብረቀረቀ፤ እናታቸውን ቢያዩ ሊሞቱ ተዘጋጅተዋል። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግሞም ከፈቱ። በመጨረሻም ከአያት ቅድመ አያታቸው ጉሮሮ ሳይወጣ የቀረው ሁሉ ተጠራቅሞ፣ ድምፃቸው መሀሉ ላይ እየተሰነጠቀ፣ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«እምቢ! እታለም፣ እምቢ። እማዬ፣ ልሙትልሽ፣ ይቅር በይኝ፣ እምቢ! ልጄ እትዬ ሙርቲኒ ጋ ነው የምትማረው። እሺ ያልኩት ዋሽቼ ነው፤ ስፈራ ነው እሺ የምለው!»

ወእምዝ ገንፎ ሻጩ ጭልፋውን እንደያዘ ቀረ፤ የሹሙ ወፍ እንኳ መዘመሯን ተወች። ምባክ ሱላሲህ የመኪናውን መስኮት ቀስ ብላ ዘጋች፤ ነጩ ሚኒባስም ወደ ኋላው እየተፋፋቀ ወጣ፤ እስከ ዒድ ድረስ እንደማታናግራቸው ሁላችንም ተረዳን። ምባህ ሱሚራህ ግን አልሞቱም። ከበርጩማቸው ተነሥተው ወደ ልጅቷ ሄዱ፤ አረንጓዴውን ራሳቸው አወለቁላት፣ ሰማያዊውንም አወለቁላት፣ ላቧን በሻሻቸው ጠረጉላትና በሹክሹክታቸው ዐወጁ፦

«ልጄን በእሳት ጠበስኳት እኮ! ቁርዓኑን ከመግሪብ በኋላ እኔው አስቀራታለሁ። አንተ ግን ይህን አፍ ከየት አመጣኸው? አባትህ ቢሰማህ ኖሮ ይደነግጥ ነበር።»

ሕዝቡም በእፎይታ ሳቀ። ድል አድራጊው ፕራሶጆ በቢጫ የቀረችውን ልጃቸውን ተሸክመው ቤቻው ላይ ጫኗት፤ በክብር አጅበው ሊያደርሷትም አስበው፣ ልጆቹን ጠጋ ጠጋ በሉ እያሉ አንድ እግራቸውን አነሡ። ልዕልት ላራስ አባቷን አየች፤ ሌሎቹን ልጆች አየች፤ ሹሙን፣ ጠርሙሶቹን፣ መስኮታችንን ሁሉ አየች። ግንባሯን ቋጥራም በዕድሜዋ የመጀመሪያ የሆነውን ዐዋጅ ዐወጀች፦

«እምቢ! አባዬ አንተ ውረድ፣ ታጣብበናለህ። ብቻዬን ነው የምሄደው።»

ፕራሶጆ በአንድ እግራቸው ቆመው ቀሩ። ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት ስንት ወራት ደክመዋል፤ እሳቸው ላይ ይወድቃል ብለው ግን አላሰቡም ነበር። ሳይቀዳደሙ ሁለት ነገር ተሰማቸው፦ ከፋቸው፣ ደስም አላቸው። እግራቸውን አወረዱ። ቤቻው ተንቀሳቀሰ፤ ቢጫዋ ልጅ መሀል ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዬን ጭንሽ ላይ ላስቀምጥ ላላት የጎኗ ልጅ ራሷን በአሉታ ስትነቀንቅ አየናት፤ በማዕዘኑም ታጠፈች፤ ዘወር ብላ አላየችም። ፓክ ፕራሶጆ በመንገዱ መካከል ቆመው በሰው ፊት አለቀሱ፣ እንባቸውንም አልጠረጉም። እቴጌ ወኒንግ መጥታ አጠገባቸው ቆመች፣ ክንዳቸውን ያዘች።

ኦ ፕራሶጆ፣ ሥዩመ መርፌ፣ መዋዔ ዝገት ወፍርሃት! ነገሥታት ምሽግ ሰብረው ተወደሱ፤ እርስዎ ግን እኅትዎንና እናትዎን በአንዲት ጠዋት እምቢ ብለው በሕይወት ተርፈዋል። ነገሥታት ልጆቻቸውን ለዙፋን አሳደጉ፤ እርስዎ ልጅዎን ለእምቢታ አሳድገው፣ የመጀመሪያውን እምቢታዋን ማንም ሳይቀድምዎ በገዛ ደረትዎ ተቀበሉ። በመንገዳችን ከዚያች ጠዋት ወዲህ ዘመን የሚቆጠረው ከላራስ እምቢታ ነው። ስምዎ በገበያው ጀርባ ለዘለዓለም ይጠራ፤ የልጅዎም እምቢታ ይርባ፣ ይባዛ፣ እኛንም ጎረቤቶቿን ይድረሰን።