ቁጥር የተቀረጸባት ቺፕ

ሰው ምስጢሩን በአፉ ብቻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ኑሮ እንዴት በቀለለ! አፉን ሲዘጋ ግንባሩን ያልበዋል፤ ግንባሩን ሲጠርግ ጉልበቱ ይከዳዋል። ኮምፒውተርም ያው ነው። ኳንተም የሚሉት ኮምፒውተር ሲመጣ የዛሬዎቹን የምስጢር ቁልፎች ይሰብራል ተብሎ ስለተፈራ፣ የሒሳብ ሊቃውንት እሱም የማይደፍራቸው አዳዲስ ቁልፎች ሠርተዋል። ሒሳቡስ አይሰበርም። ሒሳቡን የምትሠራው ጥፍር የምታህል ቺፕ ግን ኤሌክትሪክ ስትስብ ታሳብቃለች፤ ከአጠገቧ መሣሪያ ደቅኖ የሚያዳምጥ ሌባ ቁልፉን ይለቅመዋል። የእኔ የዶክትሬት ጥናት እንዳታሳብቅ ማድረግ ነው። ከደሴ መቐለ ያመጣኝም ይኸው ነው።

ቺፗን ለማዳመጥ ሽፋኗን ፍቆ ማሳሳት ያስፈልጋል። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሦስት ቺፖች ገደልኩ። አራተኛዋ ተረፈች፤ ስምንት ወር ሙሉም የለካሁት እሷን ነው።

አንድ ማክሰኞ ወንድሜን ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቼ ስመለስ፣ የንብረት ቁጥር ተጽፎባት አገኘኋት። ተለጥፎ እንዳይመስላችሁ። ተቀርጾ! ያውም በሳሳው ጀርባዋ ላይ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። ቺፗ ሞታለች።

ወደ ንብረት ክፍል በረርኩ። አይተ ሐድጉ፣ ጡረታቸው የደረሰ የንብረት ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ መቅረጫቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ማንን አስፈቅደው ነው የነኩት?» አልኩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

«ሰርኩላር መጣ፣ ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የሚለጠፈው ቁጥር እየረገፈ ስላስቸገረ ይቀረጽ ተባለ።»

«ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?»

«ሌላው ሁሉ ቀጫጭን መስመር ነው። እንዳልቆርጥብህ ብዬ ለስላሳውን መረጥኩልህ።»

መረጥኩልህ! ሦስት ገድዬ በስንት መከራ ፍቄ ያሳሳኋትን፣ የስምንት ወር ልፋቴን በሉኝ ብዬ ጮህኩባቸው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቤት ብል ኮሚቴ ተቋቋመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ተመለከተ፣ ጻፈ፦ «ንብረቱ በቦታው ተገኝቷል፤ ቁጥሩም በግልጽ ይነበባል። ስለዚህ ጉዳት አልደረሰም።» ጉዳት ስላልደረሰ ምትክ የለም። ሰርኩላሩን ማን እንደጻፈው ብጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። ያን ጊዜ አፈርኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለካ እኔ ነኝ፤ የጮህኩት ሽማግሌው ላይ ነው።

ይቅርታ ልጠይቅ ሳመነታ እሳቸው ቀድመው ላብራቶሪ መጡ። «እስቲ የሚፋቀውን አሳየኝ» አሉ።

ያልተፋቁ ሁለት ቺፖች ቀርተውኛል። ይቅርታዬን ጠየቅኩና የሞተችውን ደግሜ አየኋት፦ በጥፍር ስፋት ላይ ያ ሁሉ አኃዝ፣ አንዱም አልተንሻፈፈም። መፋቂያውን ሰጠኋቸው። ጃኬታቸውን አወለቁ፣ ትንፋሻቸውን ዋጡ፣ ምሳ ሳይደርስ ጨረሱ። ኤሌክትሪክ ሰጠኋት፤ ሠራች! ትከሻቸውን ሳምኳቸው።

እኔ ምስጢር ጠባቂው ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በወሩ ሪፖርቴ ላይ፣ ለትብብራቸው አመሰግናለሁ ብዬ ስማቸውን ጻፍኩ። በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሳቸው፦ ያለ ሥልጣናቸው የላብራቶሪ ዕቃ በመንካታቸው የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ።

ሲያበላሹ ጠያቂ አልነበራቸውም። ሲያበጁ ተቀጡ።

ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛ ደበደብኩ። «የሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ የለማ!» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። የማውደም ሥራስ አለበት? ብዬ ጠየቅኩት። ድምፅህን ቀንስ ተባልኩ።

አይተ ሐድጉ ማስጠንቀቂያውን ፈርመው ተቀበሉ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ቀሪዋን ቺፕ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የላብራቶሪው በር ተንኳኳ። ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«ከእንግዲህ ሪፖርት ላይ ስሜን እንዳትጽፍ» አሉኝና ጃኬታቸውን አወለቁ።