ወይዘሮ ዊትስከ «ከሞላ»ን ሽረው «በሞላበት ሰዓት»ን ያነገሡበት ዜና

በዘመነ ወረፋ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሞልቷል ተብሎ ለመላው ኔዘርላንድ በታወጀ በሰባተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ዝናቡ እንደ ወትሮው ከላይ ሳይሆን ከጎን በሚዘንብበት ቀን፣ ቮልትን የሚገሥጹ፣ ትራንስፎርመርን በድምፁ ብቻ ጤነኛ ወይም ሕመምተኛ ብለው የሚለዩ፣ በፍሪስላንድ ምድር ሠላሳ አንድ ዓመት መስመር ሲለኩ የኖሩት መሐንዲስ ወይዘሮ ዊትስከ ቦውማ፣ ከሊትሰዋልድ መንደር ተነሥተው ወደ ዘ ሄግ ዘመቱ።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። የመንደሩን መዋኛ ውኃ የሚያሞቀው የጋዝ ማሞቂያ አርጅቶ በመጋቢት መጨረሻ እንዲነቀል ተፈርዶበት ነበር። በምትኩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ መጥቶ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ሳለ፣ ኃይል ለማግኘት በተያዘው ወረፋ የመዋኛው ተራ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንተኛ ሆኖ ተገኘ። ሊትሰዋልድን በምሥራቅ ቦይ፣ በምዕራብ ቦይ፣ በደቡብ ሐይቅ ስለሚያዋስናት፣ መዋኘት ሳይችል የሚያድግ ልጅ እዚያ ለእናቱ እንቅልፍ አይሰጥም፤ በዚያም ዓመት መቶ አራት ልጆች ዋና በመማር ላይ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሳያንስ መንግሥት የመስመር ማዘመኛ ሕግ አረቀቀ፤ የረቂቁም አንቀጽ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ «መስመሩ ከሞላ፣ አዲስ አመልካች ኃይል አያገኝም።»

ወይዘሮ ዊትስከ ይህን ባነበቡ ጊዜ «ከሞላ» የምትለዋን ቃል በእርሳስ ከበቧት። የመንደሩን ትራንስፎርመር በየሩብ ሰዓቱ ዓመት ሙሉ ለክተው፣ ሠላሳ አምስት ሺህ አርባ ልኬት መዝግበው ነበርና፤ ከዚህ ሁሉ መስመሩ ሞልቶ የተገኘው በስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ብቻ ነበርና፤ እነዚያም አንድ ሳይቀሩ ከቀኑ አሥራ አንድ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የተለኩ ነበሩና። ስለዚህ በመዋኛው ደጃፍ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦

«መስመሩ ሞልቷል ብሎ ነገር የለም! ሲሞላም ሲጎድልም አይቼዋለሁ። ያቺን አንዲት ቃል አስቀይሬ እመጣለሁ፤ ማሞቂያውን ከካርቶኑ አውጡልኝ!»

የመዋኛው ጠባቂ፣ ባለፊሽካውና ባለላስቲክ ጫማው ባውከ፣ በአዋጅ መለሰ፦

«አንቺ ሴትዮ፣ ለአንድ ቃል ዘ ሄግ ድረስ? እኔ ‹አትሩጡ› የሚል ጽፌ ከለጠፍኩ ሃያ ዓመቴ፣ እስካሁን አንድ የቆመ ልጅ አላየሁም!»

ይህን ብሎ ግን ካፖርቱን ለበሰ። ከወይዘሮ ዊትስከ ጋር የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ከፊት ባውከ፤ ቀጥሎ ስድስት እናቶች፤ ቀጥሎ ሌላ ሥራ ያልነበራቸው አንድ ጡረተኛ ቄስ፤ ከስንቅ ወገን አይብ የተቀባ ሠላሳ ሁለት ቁራሽ ዳቦና ሁለት ጠርሙስ አሬራ፤ ከመሣሪያ ወገን ልኬቶቹ ሁሉ በመስመር የተሣሉበት፣ ሲዘረጋ ዘጠኝ ሜትር የሚደርስ የወረቀት ጥቅል። ቅጠል ሐዲዱ ላይ ረግፎ ስላንሸራተተ ባቡሩ አርባ ደቂቃ ቢቆም፣ ስንቁ እዚያው አለቀ።

ወእምዝ ሕጉን ወደሚመረምረው የምክር ቤት ኮሚቴ ገቡ። ለእያንዳንዱ ባለሙያ ሦስት ደቂቃ ተፈቅዶ፣ ወይዘሮ ዊትስከ ከዘጠኙ ዘጠነኛ ተብለው ተመደቡ። በስምንት ሰዓት የጀመረው የመጀመሪያው ተናጋሪ፣ መስመር በእጁ ነክቶ የማያውቅ አንድ አማካሪ፣ ስድሳ አራት ሥዕል እያሳየ ስለ ራእይ አምሳ አንድ ደቂቃ ተናገረ። ሌሎቹም እርሱን አይተው ሦስት ደቂቃቸውን እያለፉ፣ የወይዘሮ ዊትስከ ተራ የደረሰው ለአሥራ ሁለት ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ያን ጊዜ አሥራ ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ቦርሳቸውን ይዘጉ ጀመር፤ ሰብሳቢው አቶ ዲደሪክ ፋን ሎንም አንድ እጃቸውን ካፖርት ውስጥ ከተው ሁለት አዋጅ በአንድ ትንፋሽ አወጁ፤ ለወይዘሮ ዊትስከ፦ «ይቅርታ እመቤቴ፣ መሽቶብናል፣ ጽሑፉን በኢሜይል ይላኩልን»፤ ለስልካቸው፦ «ድንቹን ጣጂው፣ መጣሁ!»

ወይዘሮ ዊትስከ ጥቅሉን አንድ ሜትር ያህል ዘርግተው ሳለ ይህን ሰሙ። ሰምተውም ጥቅሉን መልሰው ጠቀለሉ፤ በሩ ላይም ቆመው ታላቁን አዋጅ ተናገሩ፦

«ማንም እንዳይነሣ! አሁን ቤቱ ገብቶ ድንች የሚጥድ እጁን ያውጣ!»

አሥራ ስድስት እጅ ወጣ። አሥራ ሰባተኛው አባል «እኔ እንኳ ፓስታ ነው» ብሎ አወጀ።

«እንደገባ የኤሌክትሪክ መኪናውን የሚሰካስ?»

አሥራ አንድ እጅ ወጣ።

«በቃ፣ መስመሩን የሞላችሁት እናንተ ናችሁ! አገር ሙሉ በአሥራ ሁለት ሰዓት ካልበላን ብላችሁ! ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ያ ገመድ ሥራ ፈትቶ ተጋድሟል። ያኔ ልጆች ዋና የሚማሩበትን ውኃዬን ላሙቅ፤ እናንተ ስትጥዱ እኔ አጠፋለሁ። ‹ከሞላ› የሚለውን ‹በሞላበት ሰዓት› በሉት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሰብሳቢው ሞኝ አልነበሩምና «ልጆቹስ አይበርዳቸውም?» ሲሉ አወጁ።

«ሦስት ሰዓት ቢጠፋ ከግማሽ ዲግሪ አያልፍም። ለክቻለሁ።»

አማካሪው ብድግ ብሎ «ይህ እንኳ የሁለት ዓመት ጥናት ያስፈልገዋል» ሊል ቢጀምር፣ አሥራ ሰባት የራባቸው ሰዎች ዞረው አዩት፤ እርሱም ተቀመጠ።

«የሚቃወም? የለም! ጸድቋል! መልካም እራት!» አሉ ሰብሳቢው፤ ለአሥራ ሁለት ሰዓት አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ከሠላሳ አምስት ሺህ አርባው ልኬት አንዱን እንኳ የጠየቀ አልነበረም፤ ጥቅሉንም ባውከ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ እንደ ጃንጥላ ያዘው።

ሕጉ በጥር ወጣ። የጋዙ ማሞቂያ ሊነቀል ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ለሊትሰዋልድ መዋኛ ኃይል ተለቀቀለት፤ ውኃውም ሃያ ስምንት ዲግሪ ደረሰ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ማሞቂያው በራሱ ጠፋ፤ ከእናቶቹ አንዷ ጣቷን ነክራ ፊቷን ብታጨፈግግ፣ ባውከ ፊሽካውን ነፍቶ «በረደኝ የሚል ሰው ይዋኝ!» ብሎ አወጀ። በሰኔም ከመቶ አራቱ ልጆች መቶ ሦስቱ፣ እንደ አገሩ የዋና ፈተና ደንብ ከነልብሳቸው ከነጫማቸው ዋኝተው ምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ፤ አንዷም በሳምንቱ ዳግም ተፈትና አለፈች።

እንግዲህ ሌሎች ኃያላን በገደቡት ባሕርና በቆፈሩት ቦይ ይወደሱ። ድንች ጣጆችን ያስቆሙት፣ ቃልን በቃል የጣሉት፣ ለክቻለሁ ብለው የማይዋሹት ወይዘሮ ዊትስከ ቦውማ ግን ባልተቆፈረው ይወደሱ፦ ወደ ሊትሰዋልድ አዲስ ገመድ ሊቀበርበት ታቅዶ በነበረው፣ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከአራት መቶ ሜትር በሆነው ጉድጓድ። ሣሩ አልተገለበጠም፤ ላሞቹ አልበረገጉም፤ መንገዱ አልተዘጋም። ዛሬም በዚያ መስክ ላይ ምንም ነገር የለም፤ የፈለገ ሰው ሄዶ ማየት ይችላል።