ቼዝ በዓለምነሽ ሱሪ

ቼዝ የጭንቅላት ጨዋታ ነው ይባላል። እኔም አምን ነበር። ጭንቅላት ግን ብቻውን ተንከባሎ ውድድር አይመጣም፤ ወገብና እግር አስከትሎ ነው። ወገብ ባለበት ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ደንብ አይጠፋም።

የባሕር ዳር ውድድራችን ደንብ አጭር ናት፦ ወንድ በሱሪ፣ ሴት በቀሚስ። ማን እንዳወጣት የሚያውቅ የለም። ጣና ደሴቶች ላይ መነኮሳቱ ዕድሜ ልካቸውን በረጅም ቀሚስ ይኖራሉ፤ ቼዝ ስለማይጫወቱ ነው መሰለኝ ደንቧ አልደረሰችባቸውም።

ያን እሑድ ለፍጻሜ የቀረብነው እኔና ዓለምነሽ ነን፤ ዓለምነሽ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ያሸነፈ ከተማውን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል። አንድ ሰው ብቻ። ይህችን ቦታ ስድስት ዓመት ጠብቄያታለሁ።

በሐይቁ ዳር በብስክሌት ስመጣ ሰንሰለቱ የሱሪዬን እግር ጎርሶ እስከ ጉልበቴ ቀደደው። ጉልበት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ስወድቅ የመቀመጫዬም ስፌት ተተረተረ። ቤቴ ሩቅ፣ ሰዓቱ ቅርብ። አንድ ጀልባ ነጂ አዝኖልኝ ትርፍ ሽርጡን ሰጠኝ። አገልድሜው አዳራሹ ገባሁ።

«ሙሽሪት መጣች» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር።

ዳኛችን ጋሽ ደመላሽ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሽርጥ ነው ጋሼ። ሱሪዬ ተቀደደ።»

«ሁለት እግር ባንድ ቀዳዳ ከገባ ቀሚስ ነው።»

«ቄሶቹም ይለብሱ የለም እንዴ?»

«አንተ ቄስ ነህ?»

ሽርጤን ጠበቅ አደረግሁ።

ይኼኔ ዓለምነሽ ገባች። በሱሪ። ለዚች ቀን እንኳ እንደ ልቤ ልቀመጥ ብላ ነው። ጋሽ ደመላሽ ሰዓቱን አስነሡ።

«ዐሥራ አምስት ደቂቃ አላችሁ። እንደ ደንቡ ያልለበሰ ተሸናፊ ነው። ሁለታችሁም ካልለበሳችሁ ማንም አይሄድም።»

ዓለምነሽ ሽርጤን አየች፤ ሱሪዋን አየች። «ና» አለችኝ።

እሷ ከሴቶቹ መጸዳጃ፣ እኔ ከወንዶቹ፣ በግድግዳው አናት ላይ ልብስ ተወራወርን። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ተመለስን። ጋሽ ደመላሽ ከላይ እስከ ታች ካዩን በኋላ «አሁን ሰው መሰላችሁ» አሉ።

የዓለምነሽ ሱሪ ግን አልቆለፍ አለኝ። ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። በሸሚዜ ሸፈንሁት፣ ትንፋሼን ዋጥሁ፣ ጨዋታው ተጀመረ። በተነፈስሁ ቁጥር ስፌቱ ጠጭ ይላል። ወይስ ለእኔ ብቻ ነው የሚሰማኝ?

ጨዋታው ሲጋመስ ማሸነፊያዋን እርምጃ አየኋት። ንግሥቴን ከጥጌ አንሥቼ ከሰሌዳው ማዶ፣ ንጉሧ አጠገብ ብተክላት ነገሩ አለቀ። ማዶው ግን ጎንበስ ብሎ መንጠራራት ይጠይቃል። ከኋላዬ ሃያ ሰው ተቀምጧል። እጄን ዘረጋሁ። ስፌቱ ተናገረ። እጄን ሰብስቤ አጠገቤ ያለውን ወታደር አንድ እርምጃ ገፋሁት።

ብዙም ሳይቆይ ተሸነፍሁ።

ዓለምነሽ እጄን እንደጨበጠች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ንግሥቲቱን አይተሃት ነበር አይደል?»

«አይቻታለሁ። ሱሪሽ አላስኬደኝም።»

«እኔ በቀሚስ በየዓመቱ እንዲሁ ነኝ። ግማሽ ሐሳቤ ሰሌዳው ላይ፣ ግማሹ ጉልበቴ ላይ። ዛሬም በሽርጥህ ያው ነበር።»

«ታዲያ እንዴት አሸነፍሽ?»

«ለምጄዋለኋ።»

ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ተነሣ። እኔ ግን አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ድረስ፣ ሽንፈቴን የሚያጠና ሰው መስዬ፣ ከወንበሬ አልተነሣሁም።