ጌትነት እንዴት አደረ?

ሳተላይትን የፈለሰፈው ሰው ጎረቤት አልነበረውም። ቢኖረውማ ምን አደከመው? እኛ ሰፈር ቆሰበር ገበያ ወጥታችሁ ጫማ ብትገዙ፣ ባጃጁ እቤት ሳያደርሳችሁ እናታችሁ ቀለሙን ሰምታለች። እንደሚጠብባችሁም ጭምር።

ለማንኛውም ሳተላይት መጣልን። ማለቴ... እሷስ እላይ ናት፤ የመጣው ባለሙያው ነው።

ነገሩ የረግረጋችን ነው። ታላቅ ወንድሜ ጌትነት የረግረጉን ውኃ ይለካ ነበር። ቁጥር የተጻፈበት እንጨት መሐሉ ላይ ተክሎ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃው የት እንደደረሰ አይቶ ለወረዳው ውኃ ቢሮ በስልክ ያሳውቃል። የሰፈሩ ሰው ግን ቁጥር ምን ያደርግለታል? እንጨቱን "ጌትነት" አለው። ከብት የሚያሰማራ ሁሉ "ጌትነት ዛሬ የት ደረሰ?" ይላል። ጉልበቱ ድረስ ነው ከተባለ ከብቱን ይመልሳል።

ጌትነት ካረፈ ወዲህ እንጨቱን የማየው እኔ ነኝ። ስሙ ግን አልተለወጠም። ስመለስ እናቴ ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ጌትነት እንዴት አደረ?"

"ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ነው።"

"እሰይ" ብላ ትገባለች። ስለ እሱ ሌላ አንነጋገርም። ይበቃናል...

ባለሙያው ታዲያ ሰበሰበንና ላፕቶፑን ከፈተ። ይህቺ ሳተላይት በራዳር ነው የምታየው፤ ሞገድ ወደ ታች ልካ የሚመለሰውን ትቀበላለች፤ ደመናም ጨለማም አያግዳት አለን። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በክረምት እኛ ራሳችን በጉሙ ውስጥ የምንተዋወቀው በሳል ነው። ገላጣ ውኃ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ውኃ የገባበት ደንገል ደግሞ ነጭ ሆኖ ያበራል አለ። መንገዱን አሳየን፤ ቤተ ክርስቲያኑን አሳየን። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ከእንግዲህ በዝናብ አትለፋም። እንጨቱን እንነቅለዋለን።"

"እሱ... እሱ እኮ..." አልኩ። እናቴን ምን ልበላት? ጌትነት ተነቀለ ልበላት?

ያዳነን ጎረቤታችን አያ ደምለው ነው። ዐይኑን ከላፕቶፑ አላነሳም ነበር።

"ይቺ ከመንገዱ ዳር የምታበራዋ ምንድን ናት?"

"እሷ ውኃ የዋጣት ደንገል ናት፣ አባባ።"

"ልጄ፣ እሷ ቤቴ ናት። አሁን በቅርቡ ቆርቆሮ አልብሻት ነው።"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አያ ደምለው ብቻ አልሳቀም፤ ሚስቱ ይህን ከሰማች ረግረግ ውስጥ ነው ያኖርከኝ ብላ እንዳትነሳበት ሰግቷል። ባለሙያው ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ጨዋ ሰው ነው። ቆርቆሮም እንደ ደንገሉ ያበራል፣ ለመለየት ከምድር የሚነግረን ሰው ያስፈልጋል አለ። እንጨቱ ባለበት ይቆይ፤ ሳተላይቷ ባለፈች ቁጥር እደውላለሁ ብሎን ሄደ።

የእንጨቱን ስም እኔ አልነገርኩትም። ግን ጎረቤት ምን ይሠራል?

አንድ ጠዋት ከረግረጉ ተመልሼ ለእናቴ ወገቡ ድረስ መሆኑን ነግሬያት ጭቃዬን ስታጠብ ስልኬ ጮኸ። እሷ አነሳችው። የባለሙያው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

"እማማ፣ ሳተላይቷ አሁን አለፈች። ጌትነት እንዴት ነው?"

እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። እኔ እጄን ከውኃው ሳላወጣ ወደ እሷ ዞርኩ።

"ደኅና ነው" አለችው። "ወገቡ ድረስ ነው።"

ስልኩን አስቀምጣ ነጠላዋን አነሳች። "ከሰማይ ድረስ ደውለው ጠየቁት" አለችኝና ወደ አያ ደምለው ቤት ወጣች።

ወሬው ግምጃ ቤት ከተማ ሲደርስ፣ ሳተላይቷ ገና ምድርን አንዴ ዞራ አልጨረሰችም።