አምስቱ ካለቁ በኋላስ?

ዕቃ ስትገዙ ጭንቀቱንም አብሮ ጠቅልሎ እንደሚሰጣችሁ የሚነግራችሁ ባለሱቅ የለም። ይህን ያስተማረኝ የኮንዶሚኒየም ኑሮ ነው። ውሃ ይጠፋል፣ ታንከር ታስገባላችሁ። ታንከሩ ይገባል፣ ውሃው አራተኛ ፎቅ አልወጣም ይላል፣ ፓምፕ ፍለጋ ትወጣላችሁ። ፓምፑ ይተከላል፣ መብራት ይሄዳል። ቀድሞ የምታስቡት ስለ ውሃ ብቻ ነበር፤ አሁን ስለ ውሃ፣ ስለ ታንከር፣ ስለ ፓምፕና ስለ መብራት ታስባላችሁ። ሁላችንም ሲሟላልን የምናርፍ ይመስለናል እንጂ፣ እኔ እስካሁን ተሟልቶለት ያረፈ ሰው ቦሌ አራብሳ ውስጥ አላየሁም።

እኔን ዕረፍት የነሳኝ ግን ታንከር አይደለም፣ ሽጉጥ ነው። አትደንግጡ፣ ፈቃድ አለው። ከአባቴ የወረስኩት ትንሽ ሽጉጥ ነው፤ ጥይቱን በሚሽከረከር ክብ ሆዱ የሚይዝ፣ አምስት ብቻ የሚጎርስ፣ ከኮት ሥር ቢደረግ የማይታይ። አባቴ ለሠርግ እንኳ አልተኮሰበትም። እኔም ፈቃዱን በየጊዜው እያሳደስኩ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስተኝቼው ነው የኖርኩት። መኖሩንም ረስቼው ነበር ብል ይቀላል።

ያስታወሰኝ የልጄ ስልክ ነው። ሜሮን ቦሌ ሩዋንዳ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ያለችን ልጅ እሷ ብቻ ናት። ከሥራ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ አራብሳ ስትደርስ ለዓይን ያዝ ማድረግ ይጀምራል። ከታክሲ ማቆሚያው እስከ ብሎካችን ደግሞ ባንድ በኩል ያላለቀ ሕንፃ፣ በሌላ በኩል የቆርቆሮ አጥር ያለበት፣ መብራት የሚባል ያላየ መንገድ አለ። አንድ ቀን እዚያ ላይ ሁለት ሰዎች ስልኳን መንጭቀው ሮጡ። ስልክስ ይተካል። ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ የቆለፈችውን በር ደግማ ስትቆልፍ እያየሁ፣ አባቷ ሆኜ ምንም አለማድረጌ ግን አንገበገበኝ። በአራተኛው ቀን ጨርቁን ፈታሁ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ሽጉጤን ይዤ ታክሲ ማቆሚያው ላይ ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ።

የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕም አልረዳኝም። ግሩፑ የተከፈተው ስለ ውሃ ተራ ለመነጋገር ነበር፤ አሁን የሚወራበት ስለ ሌባ ብቻ ነው። አንዱ ሁለት አየሁ ይላል፣ ሌላው እየቆጠረ አራት ያደርሳቸዋል፣ ማታ ላይ ሰባት ሆነው ያድራሉ። እኔም በየአምስት ደቂቃው ስልኬን አያለሁ፣ መስኮት ጋ ሄጄ እመለሳለሁ፣ እንደገና ስልኬን አያለሁ። ባለቤቴ አልማዝ ምንጣፉ ከመስኮቱ ሥር መሳሳቱን እያሳየች ትቆጣኝ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ምንም አልነበረም። ጋሽ ተካ ግን አላቆሙትም። ጋሽ ተካ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ሽጉጡን አሳየኋቸው፣ ገለባብጠው አዩት፣ መለሱልኝ።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ታዲያ አምስቱ ካለቁ በኋላስ?"

"ምኖቹ?"

"ጥይቶቹ ናቸዋ። አምስት ተኮስክ። ከዚያ አንተ ከኪስህ አንዳንድ እየለቀምክ ስታጎርስ፣ ሌባው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል?"

ልብ በሉ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንዲት ጥይት እተኩሳለሁ ብዬ እንኳ አስቤ አላውቅም። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ግን አምስቱንም ተኩሼ ጨርሼ፣ ባዶ ሽጉጥ ይዤ ቆሜያለሁ። ምሳዬን የምበላው ባዶ ሽጉጥ ይዤ ነው፤ ታክሲ የምሳፈረው ባዶ ሽጉጥ ይዤ ነው። ስንት ሆነው እንደመጡብኝ አላውቅም፣ ስድስት ሳይሆኑ አይቀሩም።

መፍትሔውንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ስፒድ ሎደር ይባላል አሉኝ፤ ጥይቶቹን በክብ ሰድሮ ይዞ፣ ሽጉጡ ሆድ ላይ ሲያስጠጉት ሁሉንም ባንዴ የሚያጎርስ፣ ኪስ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። እኔ ማጉረሻ እለዋለሁ። "የሚታመነውን ለመምረጥ ሁለት ነገር እይ" አሉ ጋሽ ተካ። "ኪስህ ውስጥ ሳለ መልቀቅ የለበትም። ሽጉጡ ላይ ሲደርስ ደግሞ ማመንታት የለበትም።" ቀላል ይመስላል። እስቲ እነዚህን ሁለቱን የሚያሟላ ሰው ከምታውቋቸው መካከል ፈልጉ። እኔ ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት ስኖር የማውቀው ምሥጢር ሲሰጡት የሚለቀውን፣ ሥራ ሲሰጡት የሚያመነታውን ነው።

ጋሽ ተካ ከአሮጌ ሣጥናቸው ሁለት አወጡልኝ። የመጀመሪያው ብረት ነው፤ አናቱ ላይ ያለችውን ጉጥ ስታዞሯት ጠቅ ብሎ ይለቃል። እጄ ላይ ሲያርፍ ደስ አለኝ። ችግሩ እሱ ባለ ስድስት ነው፣ ሽጉጤ ባለ አምስት። አንዱን ቀዳዳ ብንደፍነውስ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አንድ ጊዜ አዩኝና ሁለተኛውን አቀበሉኝ። ሁለተኛው ጥይቶቹን በመስመር የሚይዝ የጎማ ቁራጭ ነው፣ ሁለት ሁለት እያደረጉ የሚያጎርሱበት። ጠፍጣፋ ስለሆነ ለኪስ ይመቻል። ጎማው ግን ከመድረቁ የተነሳ ገና ሦስተኛዋን ስሰካ ተሰነጠቀ። እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ፤ እኔ ግን የተሰነጠቀውን ይዤ ሳሎን ቁጭ ብዬ ስለማመድ ሜሮን ደረሰችብኝ።

"አባዬ፣ ምንድን ነው የምትሠራው?"

"ልምምድ" አልኳት።

ቦርሳዋን ሳታወርድ አጠገቤ ተቀመጠች። "እውነቱን ልንገርህ? ስልኬን ከቀሙኝ ቀን ይበልጥ የምፈራው አንተ የምትጠብቀኝን ቀን ነው። ሰው ሰዓት ሊጠይቀን ጠጋ ሲል እጅህ ኮትህ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ደንግጠህ የሰው ልጅ ትመታለህ። ከዚያ እኔና እማዬ ስንቅ ይዘን እስር ቤት ልንመላለስ ነው?"

"ፈቃድ እኮ አለኝ።"

"እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተውከው ከሥራ ጓደኛዬ ጋር እዚያው ሩዋንዳ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ።"

አልማዝ ከማድ ቤት ሰምታለች። ያጠበችውን ሳህን መልሳ አጠበችው። አንድ ልጃችን ከቤት ልትወጣ ነው። ደህና አእምሮ ያለው አባት በዚያች ሰዓት ሽጉጡን በጨርቅ ይጠቀልላል። እኔ ግን ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ልጅቷ የፈራችው እኔ ስለማልረጋጋ ነው፣ የማልረጋጋው የሚታመን ማጉረሻ ስለሌለኝ ነው፣ ስለዚህ ማጉረሻው ከተገኘ ልጄም ትቀራለች። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ ትክክል ነኝ ብዬም ኮቴን ለበስኩ።

በዚህ ከተማ ገበያ ላይ የጠፋ ዕቃ መጨረሻው ቶርኖ ቤት ነው፤ ናሙና ይዛችሁ ሂዱ እንጂ የማይቀርጹላችሁ ነገር የለም። ጎሮ አካባቢ አንድ አውቃለሁ። ግን ሽጉጥ ይዞ ቶርኖ ቤት አይገባም። ስለዚህ አንድ የልብስ ሳሙና በውሃ አለሰለስኩና የሽጉጡን ክብ ሆድ ተጭኜበት የቀዳዳዎቹን ቦታ አተምኩ፤ ከዚያ በየምልክቱ ጥይት እየተጫንኩ አምስት ጉድጓድ አወጣሁ። እንዲደርቅ ብዬ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ላነሳው ስሄድ አልማዝ ልብስ አጥባበታለች፣ ያውም የእኔኑ ሸሚዝ። ጉድጓዶቹ አምስቱም አሉ። ትንሽ የሰፉ መሰለኝ፤ ቸኩዬ ስለነበር መስሎኝ ነው ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ባለ ቶርኖው ሳሙናውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። "ምን ሊያዝበት ነው ጋሼ?" አለኝ።

"መድኃኒት። የእናቴ እንክብል።"

"ትልቅ ትልቁን ነው የሚውጡት" አለ፣ "እግዜር ይማርልን።" ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። በሳሙናው ልክ ከጥቁር ፕላስቲክ አንድ ክብ ነገር ቀረጸና ውስጡን የላስቲክ ቀለበት አደረገበት። ቤት ስደርስ አምስቱን ጥይት ሰካሁበት፤ ትንሽ ይወዛወዛሉ። አልጋው ላይ ዘቅዝቄ ነቀነቅኩት፣ አልወደቁም። የሚታመን ዕቃ አገኘሁ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ቦሌ ጉዳይ ነበረኝ። ስጨርስ ለምን ብቻዋን ትመጣለች ብዬ ሜሮን መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ስታየኝ ዓይኗ ቀጥታ ኮቴ ላይ ሄደ፤ አልፋኝ ሄደች። መገናኛ ሰልፉ ላይ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ። ታክሲው ውስጥ እሷ መጨረሻ ወንበር ላይ ከአንዲት ጠና ያሉ ወይዘሮ ጎን፣ እኔ ከፊታቸው። ለሚያየን ሰው አንተዋወቅም።

ዞር እያልኩ አያታለሁ፣ እሷ መስኮቱን ታያለች። እጄ ደግሞ አያርፍም፣ በየደቂቃው ኪሴን ይዳብሳል። አንዷ ጥይት የላላች መሰለኝና ላስተካክላት ብዬ ማጉረሻውን ጉልበቴ ላይ አወጣሁት። ይህን ጊዜ ታክሲው ጉድጓድ ገባ፣ አምስቱም ባንዴ ለቀቁ። ቢያንስ አላመነታም።

ታክሲ ውስጥ ዕቃ ሲወድቅ ሁሉም ያጎነብሳል፣ የኖርንበት ነው። ሁሉም አጎነበሰ። ከዚያ ሁሉም ያነሳውን አየ። አንድ የላፕቶፕ ቦርሳ የያዘ ሰው ከጫማው ሥር ያገኛትን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቴን ሳያይ፣ "ይቅርታ ጋሼ፣ ይቺ የእርስዎ ናት መሰለኝ" አለኝ። አራቱ በዚህ ትሕትና ተመለሱልኝ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልጠየቀኝም። "ፈቃድ አለኝ" አልኩ፣ ማንንም ሳላይ። ከጎኔ የነበረው ሰው ቀስ ብሎ ተነሳና ሌላው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ተጣበበ።

አምስተኛዋ በወይዘሮዋ ጫማ ሥር ነበረች። "ስንወርድ ትወስዳለህ" አሉኝ፣ እግራቸውን ሳያነሱ። ከዚያ ወደ ልጄ ዘንበል ብለው፣ እኔ እንድሰማው በሚበቃ ድምፅ፣ "ልጄ፣ ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ? ከተሳፈርን ጀምሮ እየዞረ የሚያየው አንቺን ነው" አሏት።

ሜሮን አየችኝ። ንዴት ቢሆን በተሻለኝ፤ ፊቷ ላይ የነበረው ድካም ነው።

"አላውቀውም" አለች።

ሃያ አራት ዓመት ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ ግን አልፈረድኩባትም።

"የት ነው የምትወርጂው? አራብሳ? እኔም እዚያው ነኝ፣ ብቻሽን አትሄጂም" አሉ ወይዘሮዋ። ስንወርድ ጥይቷን በሶፍት ይዘው እጄ ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ አስቀመጡልኝ። ልጄን በክንዷ ያዙ፣ ሁለት ሌሎች ሴቶችም ተጠጉ፣ አራት ሆነው ያንን ጨለማ መንገድ ተያያዙት። ቤቴ በዚያው ነው፣ ሌላ መንገድ የለኝም። ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኳቸው። ዞር ብለው ያዩኛል፣ ይፈጥናሉ፤ እኔ እንዳይደነግጡ ብዬ እቆማለሁ፣ ስቆም ይብስባቸዋል። እዚያ መንገድ ላይ ስንት ምሽት ሌባ ስጠብቅ አንድም አልመጣልኝም ነበር። ያን ምሽት መጣ፤ እኔ ነበርኩ።

ሜሮን ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ነበር። "አባዬ፣ ከስልኩ ቀን ወዲህ ሳልፈራ የገባሁት ዛሬ ነው" አለችኝ። በማግስቱ ሽጉጡን ከነፈቃዱ ወስጄ ለሚመለከታቸው አስረከብኩ። ጋሽ ተካ ሲሰሙ "ማጉረሻውስ?" ብቻ አሉኝ። ወሩ አለቀ፣ ልጄም የትም አልሄደችም። ሴቶቹ አሁን ማቆሚያው ላይ እየተጠባበቁ ነው የሚገቡት፣ ስምንት ደርሰዋል።

ዛሬ እሑድ ነው። ልብሴን ልቀይር መኝታ ቤት እንደገባሁ በር ተንኳኳ፤ ድምፃቸውን ወዲያው አወቅኩት። ታክሲው ውስጥ የነበሩት ወይዘሮ ናቸው፤ ወይዘሮ አበራሽ ይባላሉ፣ ሜሮንን ሊጠይቁ መጥተው ነው። አልማዝ ሳትጠየቅ "ባለቤቴ ወጣ ብሏል" አለች። እኔም አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።

"ያ ሰውዬ ደግሞ ታይቶሽ ያውቃል?" አሉ ወይዘሮ አበራሽ።

"አልታየኝም" አለች ልጄ።

"እንዳትዘናጊ፣ አይታመንም። ለመሆኑ አባትሽ ምን ሆኖ ነው ወጥቶ የማይቀበልሽ? አባት ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?"

ጆሮዬን ወደ በሩ አዘነበልኩ።

"አባቴ ቤት ሆኖ ሲጠብቀኝ ነው ደስ የሚለኝ" አለች ሜሮን።

ዓይኔን በሸሚዜ ጠረግኩ። ሻይ ሲቀዳ ሰማሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተቀዳ። ይህን የምጽፍላችሁም እዚሁ አልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ ነው፤ ወይዘሮ አበራሽ ገና አልሄዱም።